የጎደለው ጥራዝ

ሌባ በር ሲሰብር አይቻለሁ፤ ግድግዳ ሲፈነቅል አይቻለሁ፤ ሰርቆ ሲያበቃ ምሳውን እዚያው በልቶ የሄደም አጋጥሞኛል። ሰርቆ ሲያበቃ የፈታውን መልሶ የሰፋ ሌባ ያየሁት ግን ያን ሰኞ ጠዋት ነው።

ቤቱ የመጽሐፍ ጠራዥ ቤት ነው። ከፊት ለፊት መንገዱን የሚያይ ሰፊ የሥራ ክፍል፣ ከኋላ ሁለት መኝታ ቤትና አንድ ወጥ ቤት። ከሥራው ክፍል መሃል ትልቅ የብረት መጭመቂያ ቆሟል። መቀሶች፣ ወስፌዎችና የክር ጥቅልሎች እንደየመጠናቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ባለቤቱ፣ ሽማግሌው ጠራዥ፣ ከሞቱ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል።

ሦስት ልጆቻቸው አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ታላቅየው የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ አርባ ሦስት ዓመቱ፣ ግዙፍና ዝምተኛ። መካከለኛዋ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ምላሷ ስለት የሆነ ሴት ናት። ትንሿን ሁሉም ሚጣ ይሏታል። ሚጣ ሠላሳ አንድ ዓመት ቢሞላትም ስሙ አልለቀቃትም። ከአባቷ ጋር እየጠረዘች የኖረችው እዚሁ ቤት ነው፤ አሁንም እዚሁ ናት። በሥራዬ የማያቸው ወራሾች ክፍሉ የፈቀደላቸውን ያህል ተራርቀው ነው የሚቀመጡት። እነዚህ ግን ታላቅየው የትንሿን ቦርሳ ጭኑ ላይ ይዞላት ነበር።

«እንዳገኘነው ነው፤ ማንም አልነካውም» አሉኝ የቤተሰቡ ጠበቃ። ሽማግሌ ናቸው፤ ጆሯቸው ስለከበደ የሚያወሩት እየጮኹ ነው። «ነይ ልጄ፣ እይው።»

ጠረጴዛው ላይ የቤቱ የሥራ መዝገብ ተከፍቶ ተቀምጧል። ሟቹ ራሳቸው የጠረዙት፣ የደንበኞች ትእዛዝ የሚጻፍበት ወፍራም መዝገብ ነው።

«ኑዛዜያቸውን የጻፉት በዚህ መዝገብ መጨረሻ ጥራዝ ላይ ነው» አሉ ጠበቃው። «ከወር በፊት በዐይኔ አይቼዋለሁ። ዛሬ በልጆቹ ፊት ላነበው ብከፍት የለም።»

«ጥራዝ ማለት መጽሐፉ አይደል እንዴ?» አለ አብሮኝ የመጣው ሳጅን።

«መጽሐፉም ጥራዝ ይባላል» አለች ሚጣ። «እኛ ግን ጥራዝ የምንለው አንዱን እጥፋት ነው። ወረቀቶቹን ትደርባለህ፣ መሃል ላይ ታጥፋቸዋለህ፣ እሱ አንድ ጥራዝ ነው። ጥራዞቹ እርስ በርሳቸው ተሰፍተው መጽሐፍ ይሆናሉ። ይሄ መዝገብ ዐሥር ነበረው። አሁን ዘጠኝ ነው።»

መነጽሬን አደረግሁና ጎንበስ አልኩ። የጀርባው ቆዳ ከታች በኩል በጥንቃቄ ተላጧል። የተቀደደ ወረቀት የለም፤ የተበጠሰ ክርም የለም። ሌባው የመጨረሻውን ጥራዝ ከፈታ በኋላ የቀሩት እንዳይበታተኑ በአዲስ ክር ቋጥሯቸዋል፤ ቆዳውንም መልሶ በሙጫ ለጥፎታል። ስፌቱ ትንሽ ጠመም ያለ ነው።

«ወይ ባለሙያ ነው፣ ወይ ጨዋ ነው» አለኝ ሳጅኑ ቀስ ብሎ።

በሩ አልተሰበረም። ሦስቱም ልጆች ቁልፍ አላቸው። ሚጣ ቅዳሜ ጠዋት የደንበኛ ትእዛዝ ስትጽፍ መዝገቡ ሙሉ እንደነበር ታስታውሳለች። ከሰዓት በኋላ ወረቀት ልትገዛ ወጥታ የተመለሰችው ወደ ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው። እሑድ መዝገቡን አልነካችውም። እንግዲህ ነገሩ የተፈጸመው ቅዳሜ ከሰዓት ነው አልኩ በልቤ።

*

ጠበቃው ለብቻዬ ሊያናግሩኝ ፈለጉ። እሳቸው ምስጢር ሲያወሩ መንገደኛ ሁሉ ስለሚሰማ መኪናቸው ውስጥ ገብተን መስኮቱን ዘጋን።

«ቤቱንም የሥራውን ክፍልም ለሚጣ ነው የሰጡት» አሉኝ። «ከከተማው ዳር ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ ለሁለቱ ትልልቆች። በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ ቀን ካለው፣ በየገጹም ከተፈረመ ይጸናል። ግን ፍርድ ቤቱ ቅጂ አይቀበልም። ዋናውን እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ማስገባት አለብኝ።»

«ኑዛዜው ባይገኝስ?»

«ሁሉም ንብረት ለልጆች እኩል ይከፈላል።»

«ለሦስት ይካፈላሉ ማለት ነዋ። ያን ያህል የከፋ አይደለም።»

ጠበቃው በመስኮቱ ወደ ቤቱ አዩ። «ለሁለት» አሉ። «ሚጣ በሕግ ዐይን ልጃቸው አይደለችም።»

ከዚያ ነገሩን ዘረገፉልኝ። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ሥራ ቤት ወረቀት ታጥፍ የነበረች ሴት የሦስት ወር ሕፃን ትታ ሞተች። የጠራዡ ሚስት ሕፃኗን ይዛ ገባች። በቃ፤ ከዚያ ወዲያ ልጅቷ የቤቱ ልጅ ሆነች። ጠበቃው የጉዲፈቻ ወረቀት እንዲያወጡላት ባልና ሚስቱን በየዓመቱ ሲለምኗቸው ኖረዋል።

«ለምን እምቢ አሉ?»

«ወረቀት ካለ አንድ ቀን አይታው ይከፋታል ብለው። ላለማስከፋት ሲሉ መና ሊያስቀሯት።» አንገታቸውን ነቀነቁ። «ትልልቆቹ ያውቃሉ፤ እናታቸው እንዳይናገሩ አስምላቸዋለች። ልጅቷ ግን አታውቅም። አደራሽን፣ ካንቺ አፍ እንዳትሰማው።»

አደራውን ተቀበልኩ። ነገሩ ግን ከምወደው በላይ ግልጽ ሆነልኝ። ኑዛዜው ከጠፋ ሚጣ ከነወስፌዋ መንገድ ላይ ትወድቃለች፤ ሁለቱ ትልልቆች ቤቱን ይካፈላሉ። እናቴን ከቀበርኩ ዓመት አልሞላኝም፤ እኔና ወንድሞቼ በአንድ ቁም ሣጥን የተነሳ ስንት ወር እንደተኮራረፍን የማውቀው እኔ ነኝ። ያን አግዳሚ ወንበር ግን ወድጄው ነበር።

*

መካከለኛዋን ያገኘኋት መድኃኒት ቤት፣ መስታወቱ ጀርባ ቆማ ነው። ለአንዲት እናት የሳል ሽሮፕ አወሳሰድ ሦስት ጊዜ ደጋግማ አስረድታ፣ ሴትዮዋን መልሳ አስደግማ ነው ወደ እኔ የዞረችው።

«ደላላ አምጥተው ቤቱን አስገምተዋል ተባልኩ» አልኳት።

«አስገምቻለሁ።»

«አባትዎ ከሞቱ ሳምንት ሳይሞላ።»

«በስምንተኛው ቀን ነው፤ ሞልቷል።» እጇን ደረቷ ላይ አጣመረች። «ይስሙኝ ኢንስፔክተር። ዐሥራ አራት ዓመት የሰው መድኃኒት ቤት ውስጥ ቆሜ እግሬ አብጧል። የራሴን መክፈት እፈልጋለሁ። ቤቱ ተሽጦ ለሦስት ብንካፈል ለእኔ የሚደርሰኝ ይበቃኛል። ይሄ ወንጀል ከሆነ ካቴናውን ያውጡት።»

«ሚጣስ የት ትሄዳለች?»

«የት ትሄዳለች ይሉኛል? እኔ ጋ ነዋ። ክፍል ለቅቄላታለሁ። ያ የማይረባ መጭመቂያ እንኳ የሚቆምበትን ቦታ በረንዳው ላይ ለክቻለሁ፤ ባለቤቴ ሰምቶ ሊያብድ ነው።»

ለሦስት ማለቷን ያዝኩላት። ወይ ሕጉን አታውቅም፣ ወይ የማታውቅ ለመምሰል ጎበዝ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት የት እንደነበረች ስጠይቃት የመድኃኒት መዝገቡን ገልብጣ ወደ እኔ አዞረችው። ከሰባት እስከ አንድ ሰዓት በየዐሥር ደቂቃው የእሷ ጽሑፍ አለ። ከጎኗ የምትሠራዋ ልጅም አንድ እግሯን እንዳላነሳች መሰከረች።

ስወጣ ስልኳ ጮኸ። አየችውና ፊቷ ፈታ አለ። «ጥራዝ ነጠቅ ነው የሚደውለው» አለችና አነሳችው። «እሺ ወንድምጋሼ፣ ምሳ በልተሃል?»

ጥራዝ ነጠቅ የምንለው አንድ ገጽ አንብቦ ሁሉን አውቃለሁ የሚለውን ነው። እንዲያ ያለ ዝምተኛ ሰው በምን አወቅሁ ባይነቱ ይህን ስም አተረፈ ብዬ ትንሽ ገረመኝና ረሳሁት።

*

ማክሰኞ ወደ ጠራዡ ቤት ብቻዬን ተመለስኩ። ነገሩን ሳሰላስል አድሬያለሁ። ጥቅም ያላቸው ሁለቱ መርፌ አይዙም። መርፌ የምትይዘው አንዷ ደግሞ ከስርቆቱ ምንም አታገኝም። ሳጅኑ ግን «ባለሙያዋ እሷ ብቻ ናት፤ ተንኮሉ ሳይገባን ቀርቶ ይሆናል» ብሎኝ ነበር። አልዋጥልኝ ቢልም መጠየቁ አይቀርም።

ሚጣ ወንበር ሰጠችኝ፤ ገና ሳልቀመጥ ማስታወሻ ደብተሬን ከእጄ ወሰደችው።

«ይሄን የት ነው የገዙት?»

«ከመሥሪያ ቤት ተሰጥቶኝ ነው።»

«እንዲህ ተብሎ ይሰፋል?» ጀርባውን ወደ መብራቱ አዞረች። «ክሩ ላልቷል፣ ቀዳዳው ሰፍቷል፣ ሙጫውን ደግሞ እንደ ቅቤ ነው የቀቡት። የሰፋው ሰው ምን በደሉት? በሁለት ወር ውስጥ ቅጠል በቅጠል ይረግፍብዎታል። ይተዉልኝ፣ ወሬያችንን እስክንጨርስ አስተካክለዋለሁ።»

መርፌ አነሳች። ደብተሬ በእጇ ላይ ሲፈታና ሲገጥም እያየሁ ስለ አባቷ ጠየቅኋት። በመጨረሻዎቹ ወራት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር ክሩን መርፌ ውስጥ የምታስገባላቸው እሷ ናት። እሳቸው ደግሞ ክሩ ከገባ በኋላ «እኔ ነኝ ያስገባሁት» እያሉ ለደንበኛ ይፎክሩ ነበር። ስትነግረኝ እየሳቀች ነው፤ እንባዋም ይወርዳል። ሰው በዚህ መጠን የተወደደበትን ቤት ሌባ ሲነካው እልህ ይይዘኛል።

መዝገቡን ከቦርሳዬ አወጣሁ። «እስቲ ይህን ስፌት በደንብ እይልኝ። የምታውቂው እጅ ነው?»

ጣቷን በክሩ ላይ ሄድ መለስ አደረገች። ቋጠሮው ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«አላውቀውም» አለች።

«ስፌቱ እንዴት ነው?»

«ደህና ስፌት ነው።»

ያን የጠመመ ስፌት ደህና አለችው። የመንግሥት ደብተር ስታይ ሰፊውን ከነዘሩ የወቀሰች ሴት ነች። በጣም የምትወደው ሰው ስፌት ካልሆነ በቀር እንዲህ አይታለፍም። አልተጫንኳትም። የታደሰ ደብተሬን ተቀብዬ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

*

ቆጣሪ አንባቢውን ያገኘሁት በሥራ ቦታው ነው፤ ማለትም መንገድ ላይ። ከአንድ ግቢ ወጥቶ ወደሚቀጥለው ሲያልፍ አብሬው ተራመድኩ።

«ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ሥራ ላይ» አለ። ከደረቱ ላይ የሥራ ደብተሩን አነሳ። የመብራት መሥሪያ ቤቱ ስስ ደብተር ሲሆን፣ በጥቁር ቆዳ የጠረዙለት አባቱ ናቸው። «ከወፍጮ ቤቱ በላይ ያለው ሰፈር። አርባ ሁለት ቆጣሪ።» ከደብተሩ ላይ የቤት ቁጥሮቹንና ንባቦቹን ጠራልኝ፤ ድምፁ እንደ ተማሪ ልጅ ነው።

«ልየው?»

«የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው» አለና ደብተሩን ብብቱ ውስጥ ከተተው። «አሳልፎ መስጠት አይፈቀድልንም። ከጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።»

ደብተሩ ስስ ነው ብያለሁ። ብብቱ ውስጥ ያለው ግን እንደ ጠገበ ሰው ሆድ ወጣ ያለ ነበር። ተሰናብቼው ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ሆኜ ለሳጅኑ ስነግረው ሻዩን አስቀመጠ።

«ከወፍጮ ቤቱ በላይ? እሱ እኮ የእኛ ሰፈር ነው።»

«ታዲያ?»

«ቅዳሜ ቆጣሪ አንባቢ የመጣው ጠዋት ነው። ባለቤቴ ልብስ ስታሰጣ ገመዱን አንገቱ ላይ አጥልቆ ሊወድቅ ብሎ ይቅርታ ሲጠይቃት ነበር። በጣም ትሑት ሰውዬ ነው ብላ ስታሞግሰው ምሳዬን አበላሽታብኛለች። ሰፈሩን ከስድስት ሰዓት በፊት ጨርሶ ሄዷል።»

ታዲያ ከሰዓቱ ባዶ ነው። ጥቅምም አለው፤ ቁልፍም አለው። የቀረኝ መርፌው ነው። በዚያ ትልቅ ጣት ማን መስፋት አስተማረው ብዬ ሳስብ የረሳሁት ቅጽል ስም ትዝ አለኝ። ስልኩን አንስቼ መድኃኒት ቤት ደወልኩ።

«ወንድምዎን ጥራዝ ነጠቅ የምትሉት ለምንድን ነው?»

ሳቀች። «እንደሚያስቡት አይደለም። በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ እያለ ሁለት ዓመት አባዬ ጋ ተቀምጦ ሙያውን ሊማር ሞክሮ ነበር። ክሩን ከመጠን በላይ ስለሚስብ ጥራዙ ከነቀዳዳው ተነጥቆ ይወጣል። ሁልጊዜ። አባዬ ‹አንተ ጥራዝ ነጠቅ› ሲለው ስሙ ተለጥፎበት ቀረ። ቋጠሮ እንኳ እስከ መጨረሻው በግልባጩ ነበር የሚቋጥረው። ሚጣ ያኔ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ ክር ታቀብለው ነበር።» ከዚያ ድምፅዋ ተቀየረ። «ለምን ጠየቁኝ?»

አመስግኜያት ስልኩን ዘጋሁ።

*

ረቡዕ ጠዋት አንድ የግቢ አጥር ጥግ ላይ ጠበቅሁት። ሲያየኝ አልሸሸም። ደብተሩን ራሱ ከብብቱ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ደክሞት የነበረ ይመስለኛል።

በጥቁሩ ቆዳ ውስጥ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ኋላ፣ የአባቱ ጥራዝ በግልባጭ ቋጠሮ ተሰፍቶ ተቀምጧል። ቀን አለው፤ ፊርማም አለው።

«ለምን አላቃጠሉትም?»

«የአባዬ እጅ ጽሑፍ ነው እኮ» አለ። ይህን ለማስረዳት መገደዱ የገረመው ይመስላል።

«ለምን ወሰዱት ታዲያ?»

አጥሩን ተደገፈ። «አንድ ደንበኛ መጽሐፌ የት ደረሰ ብሎ ደውሎልኝ ቀጠሮውን ልፈልግለት ነው መዝገቡን የከፈትኩት። ኑዛዜውን አየሁት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ‹ከአብራኬ ባትወጣም› ይላል። ስለ ሚጣ። እዚያ ላይ ስደርስ ዘጋሁት። እማዬ ስትሞት እጄን ይዛ ነው ያስማለችኝ። ሰኞ ይሄ ሊነበብ ነው፤ በማን? በጠበቃው። እሳቸው ደግሞ ሲያነቡ ሰፈሩ በሙሉ ነው የሚሰማው። ሚጣ አባዬን በቀበረች በሁለት ሳምንቷ፣ ልጁ አይደለሽም ተብሎ ሲጮህባት ልስማ? አልችልም። አልቻልኩም።»

«ቤቱን ልታጣ መሆኑንስ?»

«ለምን ታጣለች? ለሦስት ሲከፈል የእኔን ድርሻ እሰጣታለሁ። ሁለት ሦስተኛው የእሷ ይሆናል። እህቴን ደግሞ ቀስ ብዬ አግባባታለሁ።»

የእኔ ሥራ ብዙ ጊዜ ሰው የደበቀውን መንገር ነው። ያን ቀን ግን የማያውቀውን ነገርኩት። የጉዲፈቻ ወረቀት እንደሌለ፣ ኑዛዜው ከጠፋ ክፍፍሉ ለሁለት እንደሆነ፣ ሚጣ በዚያ ቤት ላይ ያላት መብት እሱ ብብት ውስጥ ይዞት የሚዞረው ያ አንድ ጥራዝ ብቻ እንደሆነ ነገርኩት።

ግዙፉ ሰውዬ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። እጆቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ደብተሩን አየ። «እኔ ነኝ ልወረውራት የነበረው?» አለ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ወንጀለኛ ስይዝ ኖሬ ተከሳሹን ትከሻውን ይዤ ያባበልኩት ያኔ ብቻ ነው፤ አላፍርበትም።

*

ሐሙስ ከሰዓት ሁሉም ጠራዡ ቤት ተሰበሰቡ። ጠበቃው ጥራዙን ተቀብለው መነጽራቸውን አስተካከሉ። ታላቅየው ተነስቶ ጆሯቸው ሥር ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ እባክዎ የመጀመሪያውን ገጽ ይዝለሉት።»

«ኑዛዜ አይዘለልም» አሉ ጠበቃው፣ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሁሉ እስኪሰማ።

«ያንብቡት» አለች ሚጣ። «ወንድምጋሼ፣ ና እዚህ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። መካከለኛዋ የሚጣን እጅ ያዘች፤ ሊመጣ ያለውን ስለምታውቅ አጥብቃ ነው የያዘችው። ጠበቃው ጀመሩ። ቤቱን፣ የሥራውን ክፍልና መሣሪያዎቹን በሙሉ ከአብራኬ ባትወጣም ልጄ ለሆነችው ለሚጣ ሰጥቻለሁ ይላል። ታላቅየው ዐይኑን ጨፈነ። ጠበቃው ገጹን ገለጡና ሁለተኛውን፣ እሱ ያላነበበውን፣ ቀጠሉ።

«‹ይህን ቃል ሚጣ የምትሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም። በዐሥራ ስድስት ዓመቷ ጠይቃኝ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። ማወቄን እንዳትነግርብኝ ብላ ያስማለችኝ እሷ ናት። ወንድምና እህቷ ለእናታቸው የማሉትን እንዲህ ተጠንቅቀው ሲጠብቁላት እያየች፣ ልፋታቸውን ከንቱ ማድረግ አልሆንላት አለ። እነሱ ከእሷ ደበቁ፣ እሷ ከእነሱ ደበቀች፣ እኔ መሃል ላይ ሆኜ ከሁለቱም ደበቅሁ። አሁን እኔ ስለሌለሁ ሁላችሁም ሸክማችሁን አውርዱ።›»

መካከለኛዋ እጇን መነጨቀች።

«ዐሥራ አምስት ዓመት?» አለች። «ሐኪሙ የቤተሰብ በሽታ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅሽ እኔ ከጎንሽ ቆሜ ያን ሁሉ ስዘባርቅ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። የአባዬን የስኳር በሽታ ስትሰጪኝ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነው ውሃ ልጠጣ ብዬ የወጣሁት።»

«ምላሴን ስንት ጊዜ እንደነከስኩልሽ ታውቂያለሽ?»

«እሱንም አውቃለሁ፣ እትዬ።» ሚጣ ወደ ወንድሟ ዞረች። ሰውዬው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ያለቅሳል። «ወንድምጋሼ፣ ተው በቃ።»

ሥራዬን መጨረስ ነበረብኝ። በቤተሰብ መሃል ለተፈጸመ እንዲህ ያለ ነገር ተበዳዩ ካልከሰሰ መዝገቡ ይዘጋል። «ተበዳይዋ አንቺ ነሽ» አልኳት ሚጣን። «ስፌቱን ያሳየሁሽ ዕለት እጁን ለይተሽዋል።»

«ለይቻለሁ።»

«ቤቱን እንደምታጪስ ታውቂ ነበር?»

«ወረቀት እንደሌለኝ አባዬ ነግሮኛል። ለምን እንደወሰደው አልገባኝም ነበር፤ ቸግሮት ይሆናል አልኩ። አሳልፌ ከምሰጠው ቤቱ ይቅር ብዬ ነው።»

«የት ልትገቢ ነበር?»

ጥያቄው ግራ አጋባት። «እሱ ቤት ነዋ» አለች።

ደብተሬን ዘጋሁት። ክስ የለም ብዬ የጻፍኩበት ገጽ ላይ ሌላ ቃል አልጨመርኩም። አለቃዬ ሁለት መስመር ሪፖርት አይወድም፤ ይሁን።

ጠበቃው ነገ የሚያስገቡትን ማመልከቻ አውጥተው መሙላት ጀመሩ። የሟች ስም፣ ቀን፣ የንብረቱ ዓይነት። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ብዕራቸው ቆመ።

«ከሟች ጋር ያላት ዝምድና ይላል» አሉ። «የኑዛዜ ተጠቃሚ ብዬ ልሙላው።»

«ምን ተጠቃሚ?» አለች መካከለኛዋ።

«የሕጉ ቃል ነው፣ ልጄ። ኑዛዜ ስላለ ቤቱ በዚያም ይጸናላታል።»

«ልጅ ብለው ይጻፉ።»

«ልጅ ካልኩ ማስረጃ አምጡ ይሉኛል።»

ሚጣ «እትዬ ተይው፣ ቤቱ እንደሆነ…» ልትል ጀመረች፤ እህቷ አላስጨረሰቻትም። ያን ቤት ልትሸጥ ደላላ ያመጣችው ሴት ተነስታ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆመች። ታላቅየውም ፊቱን ጠርጎ ከጎኗ ቆመ።

«እኔና ወንድሜ አብረንዎት እንሄዳለን» አለች። «ማስረጃው እኛ ነን። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለጎረቤቱም፣ ለትምህርት ቤቱም፣ ለሐኪሙም የአባታችን ልጅ ናት ስንል የምንዋሽ ይመስለን ነበር። አልዋሸንም። ይጻፉ።»

ጠበቃው ጻፉ።